አለን ቱሪንግ፦ የፕሮግራምን ትክክለኛነት በሒሳብ የመመርመር ሥራ ፈር ቀዳጅ

ዜጎች መታወቂያ ሲያወጡ፣ ግብር ሲከፍሉ፣ ገንዘብ ሲያስተላልፉ ወይም የትምህርት ማስረጃቸውን ሲያረጋግጡ ጥያቄያቸውን ተቀብሎ ምላሽ የሚሰጠው በብዙ ቦታ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሆኗል። በደብረ ማርቆስ ከተማ በአገልግሎት መስኮት ፊት ተራውን የሚጠብቅ ተገልጋይም ሆነ ከቢቸና ወይም ከሞጣ በእጅ ስልኩ ክፍያ የሚፈጽም ነጋዴ ፕሮግራሙን የጻፈውን ባለሙያ አያውቀውም፤ የተጻፈውንም ትእዛዝ አያነብም። ያም ሆኖ ስሙ፣ ሒሳቡና መብቱ በዚያ ትእዛዝ ትክክለኛነት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ስለዚህም አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ በሺህና በሚሊዮን የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉት ፕሮግራም የታሰበለትን ሥራ ብቻ፣ በታሰበው መንገድ ብቻ እንደሚሠራ በምን ይታወቃል?

ይህን ጥያቄ ኮምፒውተሮች ገና በተወለዱበት ዘመን አንሥተው መልስ ከፈለጉት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ማቲሰን ቱሪንግ ነው። ይህ ጽሑፍ የሊቁን የሕይወት ታሪክ፣ የተወውን የምርመራ ዘዴና ዘዴው ዛሬ ለኢትዮጵያውያን ተገልጋዮች ያለውን ትርጉም ያቀርባል። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. የሚል ምልክት ከሌላቸው በቀር ዓመታቱ የተሰጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልደትና አስተዳደግ

አለን ቱሪንግ ሰኔ 23 ቀን 1912 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሊየስ ቱሪንግ በእንግሊዝ ትተዳደር በነበረችው ሕንድ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ወላጆቹ አብዛኛውን ጊዜ በሕንድ ይኖሩ ነበር። አለንና ታላቅ ወንድሙ ጆን በእንግሊዝ አገር ቀርተው በሌላ ቤተሰብ እጅ አደጉ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለቁጥርና ለተፈጥሮ ምርምር ልዩ ዝንባሌ ያሳይ ነበር።

በ1926 በ13 ዓመቱ ሼርቦርን ወደሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ትምህርቱ የሚጀመርበት ቀን በአገሪቱ ከተነሣው ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ጋር ስለገጠመ ባቡር አልነበረም። ልጁ ግን ትምህርቱ እንዲያልፈው አልፈለገም፤ ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ተነሥቶ በመንገድ አንድ ሌሊት አድሮ ወደ 97 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ጎዳና በብስክሌት ብቻውን ተጓዘ። በትምህርት ቤቱ ይበልጥ የሚከበረው የጥንት ቋንቋዎች ትምህርት ስለነበር ለሒሳብ ያለው ተሰጥኦ በመምህራኑ ዘንድ ሁልጊዜ አልተመሰገነም። በዚያው ለሳይንስ ያለውን ፍቅር የሚጋራው ክሪስቶፈር ሞርኮም የሚባል ጓደኛ አገኘ፤ ነገር ግን ሞርኮም በየካቲት 1930 በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ሞተ። ሐዘኑ በወጣቱ ልብ ጸንቶ ቀረ፤ ጓደኛው የጀመረውን የዕውቀት ጎዳና ለመፈጸምም አተጋው።

በ1931 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ፤ በ1934 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። በተከታዩ ዓመት ገና በ22 ዓመቱ የኮሌጁ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ።

አጠቃላይ መልስ የሌለው ጥያቄ

በዚያ ዘመን የሒሳብ ሊቃውንትን ያሳሰበ አንድ ጥያቄ ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት ያነሣው ይህ ጥያቄ ማንኛውም የሒሳብ ዐረፍተ ነገር ሲቀርብ ሊረጋገጥ የሚችል ወይም የማይችል መሆኑን በተወሰኑ ደረጃዎች ለይቶ የሚወስን አንድ ቋሚ ዘዴ አለ ወይ የሚል ነበር። ቱሪንግ ጥያቄውን በ1935 በማክስ ኒውማን የካምብሪጅ ትምህርት ላይ ሰማ። መልሱን ለማግኘትም ዘዴ ማለት ምን እንደሆነ አስቀድሞ በጥብቅ መተርጎም እንዳለበት ተረዳ።

ለዚህም በሐሳብ ብቻ የምትኖር ማሽን ነደፈ። ማሽኗ በሣጥን በሣጥን የተከፈለ ረጅም ጥብጣብ አላት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሣጥን ታነባለች፣ በሣጥኑ ያለውን ምልክት ትሰርዛለች ወይም ትጽፋለች፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ትንቀሳቀሳለች። ምን እንደምታደርግ የሚነግራት አጭር የትእዛዝ ሰንጠረዥ ነው። ቱሪንግ እንዲህ ያለች ቀላል ማሽን ሰው በወረቀትና በእርሳስ ደንብ ተከትሎ የሚያሰላውን ሁሉ ልታሰላ እንደምትችል አስረዳ። ከዚህም አልፎ የሌላውን ማሽን ትእዛዝ በጥብጣቧ ላይ ተቀብላ እንደዚያ ማሽን ሆና የምትሠራ አንዲት ሁለገብ ማሽን መኖር እንደምትችል አሳየ። የዛሬው ኮምፒውተር አንዱን መሣሪያ በተለያየ ፕሮግራም ለተለያየ ሥራ የሚያውለው በዚሁ ሐሳብ መሠረት ነው።

በ1936 ያቀረበው ይህ ጥናት ለሂልበርት ጥያቄ የሰጠው መልስ አሉታዊ ነው። በዛሬው አነጋገር ሲገለጥ፣ ማንኛውም ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ የሚቆም ወይም ማብቂያ በሌለው ዙር የሚሽከረከር መሆኑን አስቀድሞ ለይቶ የሚፈርድ አንድ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር አይችልም። እንዲህ ያለ ፈራጅ ፕሮግራም አለ ቢባል፣ ፈራጁን ስለ ራሱ ጠይቆ ከፍርዱ ተቃራኒ የሆነውን የሚያደርግ ሌላ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል፤ ይቆማል ሲባል ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል ሲባል ይቆማል። ስለዚህ ፈራጁ ቢያንስ በዚህ አንድ ጉዳይ ይሳሳታል ማለት ነው።

አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች በዚያው ዓመት ወደ ተመሳሳይ ውጤት በሌላ መንገድ ደርሶ ነበር። ቱሪንግ ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በቸርች መሪነት አጥንቶ በ1938 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ፤ በዚያው ዓመትም ወደ አገሩ ተመለሰ።

የጦርነት ዓመታትና የጎጃም ዘመቻ

እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ መስከረም 4 ቀን 1939፣ ቱሪንግ ብሌችሊ ፓርክ በሚባለው የምስጢር መፍቻ ማዕከል ሥራ ጀመረ። የጀርመን ጦር መልእክቶቹን ኢኒግማ በተባለ ማሽን ይመሰጥር ነበር። የፖላንድ ሊቃውንት ማርያን ሬየቭስኪ፣ ሄንሪክ ዚጋልስኪና የርዢ ሩዢትስኪ አስቀድመው የማሽኑን አሠራር ደርሰውበት ዕውቀታቸውን ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ አካፍለው ነበር። ቱሪንግ በዚያ መሠረት ላይ ቆሞ ቦምብ የተባለውን የምስጢር መፍቻ መሣሪያ ነደፈ፤ የሥራ ባልደረባው ጎርደን ዌልችማንም አሻሻለው። የመጀመሪያው መሣሪያ በመጋቢት 1940 ሥራ ላይ ዋለ።

መሣሪያው የሚሠራበት መንገድ ለዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ቅርብ ነው። በመልእክቱ ውስጥ ሊኖር የሚችል ቃል ይገመታል፤ ከግምቱ የሚከተለው ሁሉ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ እርስ በርሱ የሚጋጭ ውጤት ከተገኘ ግምቱ ውድቅ ይሆናል። ሊሆኑ የሚችሉት የማሽን አቀማመጦች እጅግ ብዙ ስለሆኑ አንድ በአንድ መሞከር አይቻልም፤ ግጭትን በአመክንዮ ማግኘት ግን ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ያስወግዳል። ቱሪንግ በተለይ የጀርመን ባሕር ኃይልን ምስጢር የሚመረምረውን ክፍል መራ፤ የክፍሉ ሥራ በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚጓዙ የጭነት መርከቦችን ከባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ጥቃት ለመጠበቅ ረድቷል።

በጥቅምት 1941 የሰው ኃይልና መሣሪያ እጥረት ሥራውን ባስተጓጎለ ጊዜ ቱሪንግና 3 የሥራ ባልደረቦቹ የተለመደውን የዕዝ ሰንሰለት አልፈው አቤቱታቸውን በቀጥታ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ላኩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም የጠየቁት ሁሉ በአስቸኳይ እንዲሟላላቸው አዘዙ።

ብሌችሊ ፓርክ ከኢትዮጵያ ታሪክም ጋር የሚገናኝበት መስመር አለ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገብተው በበላያ፣ በቡሬና በደምበጫ አድርገው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያመሩ፣ የጎጃም አርበኞች 5 ዓመት ሙሉ ሲያደርጉት የቆዩት ተጋድሎ የጠላትን ኃይል አዳክሞት ነበር። በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው ጌዴዎን የተባለ አነስተኛ ጦርም አርበኞቹን ያግዝ ነበር። በዚያው ወቅት በብሌችሊ ፓርክና በካይሮ የነበሩ ምስጢር ፈቺዎች በምሥራቅ አፍሪካ የሰፈረው የጣሊያን ጦር የሚለዋወጣቸውን የሬዲዮ መልእክቶች ያነቡ ስለነበር የጠላት አዛዦች ዕቅድና ችግር ለእንግሊዝ የጦር አዛዦች የተገለጠ ነበር። ደብረ ማርቆስ በመጋቢት ወር መጨረሻ ነጻ ወጣች። የጣሊያን መልእክቶች ምስጢር የተፈታው በሌሎች ባለሙያዎች እጅ ነው፤ የቱሪንግ ድርሻ በጀርመን ምስጢሮች ላይ ያተኮረ ነበር። ሆኖም የተመሰጠረ መልእክትን በሥርዓት መመርመር በጦር ሜዳ ያለው ዋጋ በጎጃም ደጋ ጭምር ታይቷል።

ከሐሳብ ወደ መሣሪያ

ጦርነቱ ሲያበቃ ቱሪንግ በ1945 በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ተቀጥሮ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ሙሉ ኮምፒውተር ነደፈ። ሥራው በቢሮ አሠራር በመጓተቱ ተሰላችቶ በ1948 ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በዚያም ፕሮግራም በውስጡ ይዞ የሚሠራ ኮምፒውተር በዚያው ዓመት ሰኔ 21 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሞክሮ ነበር። ቱሪንግ በማንቸስተር ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚያገለግል መመሪያ አዘጋጀ፤ በ1950 ደግሞ ማሽን ሊያስብ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ የሚመረምር ዝነኛ ጽሑፉን አሳተመ።

በዚህ ጊዜ ቱሪንግ ብርቱ የረጅም ርቀት ሯጭም ነበር። በ1947 በተካሄደ የማራቶን ውድድር 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ በመግባት 5ኛ ወጥቷል።

እነዚያ የመጀመሪያ ኮምፒውተሮች ግዙፍና ዘገምተኛ ነበሩ፤ ማኅደረ ትውስታቸውም ጥቂት ነበር። ፕሮግራም ለመጻፍ በሞከሩት ሊቃውንት ዘንድ ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ፈጥኖ ታወቀ፦ ትክክለኛ ፕሮግራም መጻፍ ከታሰበው በላይ አስቸጋሪ ነው። ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት ፕሮግራሙን ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ይወስድ ነበር።

የ1949 ጽሑፍ፦ አንድን ትልቅ ሥራ በትናንሽ ምስክርነቶች መመርመር

ሰኔ 24 ቀን 1949 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ቱሪንግ 3 ገጽ ብቻ የሆነ ጽሑፍ አቀረበ። የጽሑፉ ጉዳይ አንድ ረጅም ፕሮግራም ትክክል መሆኑን መርማሪ እንዴት ሊያረጋግጥ ይችላል የሚል ነበር። መልሱን ለማስረዳት የመረጠው ምሳሌ ማንኛውም ሒሳብ ያዥ የሚያውቀው የመደመር ሥራ ነው።

ነገሩ በአንድ የዕድር ገንዘብ ያዥ ሥራ ሊታይ ይችላል። ገንዘብ ያዡ የ3 ወር መዋጮ 478፣ 396 እና 257 ብር ደምሮ 1,131 ብር ሆነ ቢል፣ የሚመረምረው ሰው ድምሩን ብቻ ካገኘ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሱ መድገም አለበት። ገንዘብ ያዡ ግን ከእያንዳንዱ ዐምድ ወደ ቀጣዩ ያሻገረውን ቁጥር ቢጽፍ ምርመራው ይከፋፈላል። በአንዶች ዐምድ 8፣ 6 እና 7 ተደምረው 21 ይሆናሉ፤ 1 ይጻፋል፣ 2 ይሻገራል። በዐሥሮች ዐምድ 7፣ 9 እና 5 ከተሻገረው 2 ጋር 23 ይሆናሉ፤ 3 ይጻፋል፣ 2 ይሻገራል። በመቶዎች ዐምድ 4፣ 3 እና 2 ከተሻገረው 2 ጋር 11 ይሆናሉ። አሁን 3 መርማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ዐምድ ብቻ ቢመረምሩ በቂ ነው። የእያንዳንዱ ዐምድ ሥራ ትክክል ከሆነ፣ አንዱ ያሻገረውም ከሌላው ከተቀበለው ጋር ከገጠመ ጠቅላላው ድምር ትክክል ነው።

ቱሪንግ ይህንኑ ወደ ፕሮግራም አዛወረው። ፕሮግራም ጸሐፊው ትእዛዞቹን ብቻ ጽፎ ማስረከብ አይበቃውም፤ በፕሮግራሙ ልዩ ልዩ ቦታዎች ላይ በዚያ ነጥብ እውነት መሆን ያለበትን ነገር በግልጽ ማስፈር አለበት። ለምሳሌ በአንድ ቦታ ላይ ይህ ቁጥር ከዜሮ አያንስም፣ በሌላ ቦታ ደግሞ በዚህ ሣጥን ያለው እስካሁን የተሰላው ድምር ነው ብሎ ይመሰክራል። መርማሪው የሚያየው ከአንዱ ምስክርነት እስከ ቀጣዩ ያለውን አጭር መንገድ ብቻ ነው፦ የመጀመሪያው እውነት ከሆነና በመካከል ያሉት ትእዛዞች ከተፈጸሙ ሁለተኛው እውነት ይሆናል ወይ? እያንዳንዱ አጭር መንገድ ከተረጋገጠ ምርመራው ከመነሻው እስከ መድረሻው ይያያዛል።

በጽሑፉ ያቀረበው ማሳያ ከ1 ጀምሮ እስከ አንድ ቁጥር ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ የሚያባዛ ፕሮግራም ነው፤ ለምሳሌ 5 ሲሰጠው 120 ይመልሳል። ፕሮግራሙ ማባዛትን የሚፈጽመው በተደጋጋሚ መደመር ስለሆነ በዙር ውስጥ ሌላ ዙር አለበት፤ ስህተት በቀላሉ ሊደበቅ የሚችለውም በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ይህ አሠራር ከሙከራ ይለያል። ሙከራ ፕሮግራሙን በተመረጡ ምሳሌዎች ላይ አስኬዶ ውጤቱን ማየት ነው። አንድ መቶ ምሳሌዎች ትክክል ቢሆኑ ስለ መቶ አንደኛው የሚያረጋግጡት ነገር የለም። የሒሳብ ማረጋገጫ ግን ሊቀርቡ የሚችሉትን ምሳሌዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሸፍናል። በጎጃም ገዳማትና አድባራት ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ የጻፈውን ከዋናው ቅጂ ጋር ቃል በቃል የሚያመሳክረው አንዳንድ ገጽ እየገለጠ ማየት እንደማይበቃ ስለሚያውቅ ነው። ፕሮግራም ደግሞ የሚያመሳክሩት ዋና ቅጂ የለውም፤ በዚያ ቦታ የሚተካው በጽሑፍ የሰፈረው ምስክርነት ነው።

ከጮቄ ወደ ዓባይ፦ ሥራው እንደሚያበቃ ማረጋገጥ

ፕሮግራሙ መልስ ከሰጠ መልሱ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ መልስ መስጠቱን ማረጋገጥ ነው። ማብቂያ በሌለው ዙር የገባ ፕሮግራም የተሳሳተ ነገር አይናገርም፤ ነገር ግን ተገልጋዩን እስከ መጨረሻው ያስጠብቃል።

ቱሪንግ በ1936 ለፕሮግራሞች ሁሉ የሚሠራ የመቆም ፍርድ እንደሌለ ራሱ አረጋግጦ ነበር። በ1949 ግን ለአንድ የተወሰነ ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ ማስረጃ ሊያቀርብ እንደሚችል አሳየ። ማስረጃውም በእያንዳንዱ ዙር ሳያቋርጥ የሚቀንስና ከተወሰነ ዝቅተኛ መጠን በታች ሊወርድ የማይችል ነገር ማመልከት ነው።

ለጎጃም ነዋሪ ይህ ሐሳብ ከመልክዓ ምድሩ ሊነበብ ይችላል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጮቄ ተራራ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ከፍታውን ቢያንስ በአንድ ሜትር የሚቀንስ ከሆነ፣ መንገዱ የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ አንድ ቀን ማብቃቱ የግድ ነው፤ ምክንያቱም ከፍታው ያለ ማቋረጥ ሊቀንስ አይችልም። የተራራውን ወገብ እየዞረ ወደ ተነሣበት የሚመለስ መንገደኛ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ፕሮግራም ጸሐፊው የሚጠየቀው በየዙሩ የሚወርደውን ከፍታ እንዲያሳይ ነው።

በሁለቱ ሥራዎች መካከል ተቃርኖ የለም። ለሁሉ የሚሆን አንድ ፈራጅ ስለሌለ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ማስረጃ ይዞ መቅረብ አለበት። ኃላፊነቱም የሚወድቀው አሠራሩን ይበልጥ በሚያውቀው በጸሐፊው ላይ ነው።

ጽሑፉ በጉባኤው ዘገባ ውስጥ ሲታተም በግልበጣ ምክንያት ብዙ ስህተቶች ስለገቡበት ለማንበብ አስቸጋሪ ሆነ። ስለ ስህተት ምርመራ የተጻፈው ጽሑፍ ራሱ መርማሪ አጥቶ ለብዙ ዓመታት ተረሳ። በ1984 ሁለት ተመራማሪዎች ስህተቶቹን አርመው ከማብራሪያ ጋር እንደገና አሳተሙት።

የመጨረሻ ዓመታት

ቱሪንግ በ1951 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1952 በእንስሳትና በዕፅዋት አካል ላይ የሚታዩ ቅርጾችና ነጠብጣቦች እንዴት እንደሚፈጠሩ በሒሳብ የሚያስረዳ ጥናት አሳተመ። በዚያው ዓመት በወቅቱ የእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ተብሎ በተደነገገው ከወንድ ጋር የነበረው ግንኙነት ምክንያት ተከሶ ተፈረደበት። ከእስራት ይልቅ የሆርሞን መድኃኒት እንዲወስድ የሚያስገድደውን ውሳኔ ተቀበለ፤ በምስጢራዊ የመንግሥት ሥራ የመሳተፍ ፈቃዱንም ተነጠቀ። ሰኔ 7 ቀን 1954 በ41 ዓመቱ በመኖሪያ ቤቱ በሳያናይድ መርዝ ሞተ። የአሟሟት ምርመራው ራሱን እንዳጠፋ ወሰነ።

በጦርነቱ ጊዜ የሠራው ሥራ በመንግሥት ምስጢርነት ተይዞ ስለነበር ጎረቤቶቹም ሆኑ አብዛኞቹ የሙያ ጓደኞቹ ለአገሩ ያደረገውን ሳያውቁ ቀሩ። በ2009 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ በታኅሣሥ 2013 ንግሥት ኤልሳቤጥ ከፍርዱ ምሕረት ሰጡት። ከ2021 ጀምሮ ምስሉ በእንግሊዝ የ50 ፓውንድ ኖት ላይ ይገኛል።

ዘዴው ከእርሱ በኋላ

የቱሪንግ ሐሳብ ተረስቶ በቆየበት ጊዜ ሌሎች ሊቃውንት ወደዚያው ደረሱ። አሜሪካዊው ሮበርት ፍሎይድ በ1967፣ እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር በ1969 በፕሮግራም ላይ ምስክርነት እያሰፈሩ በአመክንዮ የማረጋገጥን ዘዴ በተሟላ ደንብ አወጡ። ዛሬ ዘርፉ ፎርማል ቬሪፊኬሽን ወይም ሥርዓታዊ የሒሳብ ማረጋገጫ ይባላል። ምርመራው በሰው እጅ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ማረጋገጫውን ደረጃ በደረጃ የሚቆጣጠሩ ኮምፒውተሮችም ይረዱታል።

በ1998 በፓሪስ ከተማ አገልግሎት የጀመረው 14ኛው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ያለ አሽከርካሪ የሚሠራ ሲሆን፣ ለደኅንነት ወሳኝ የሆነው የሶፍትዌሩ ክፍል በዚህ ዘዴ ተረጋግጦ የተሠራ ነው። በ2009 በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች ኮምፒውተርን ከሥር የሚመራ አንድ አነስተኛ ሥርዓት ከተነደፈበት ደንብ ጋር በትክክል እንደሚስማማ አረጋገጡ። የሥርዓቱ ትእዛዝ 8,700 መስመር ያህል ሲሆን ማረጋገጫው ግን ወደ 200,000 መስመር ደርሷል። ይህ ልዩነት የዘዴውን ዋጋና ድካም በአንድነት ያሳያል። በዚህም ምክንያት ዘዴው ለሁሉም ሶፍትዌር ሳይሆን ስህተት ሕይወትን፣ ንብረትን ወይም መብትን ለሚያሳጣበት ክፍል ቅድሚያ ይሰጣል።

ኢትዮጵያ በውድ ዋጋ ያየችው ትምህርት

የውስብስብ ሶፍትዌር አስተማማኝነት ለኢትዮጵያ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። ከዚያ 5 ወር ገደማ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ሞዴል የሆነ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ተከስክሶ 189 ሰዎች ሞተዋል። አውሮፕላኖቹ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበሩ። በምርመራ እንደታወቀው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚያዞር አንድ የሶፍትዌር ሥርዓት ከአንድ ሴንሰር ብቻ በመጣ የተሳሳተ መረጃ ተነሥቶ በተደጋጋሚ ሥራ ጀምሯል።

ይህ አደጋ የሒሳብ ማረጋገጫን ጥቅምም ወሰንም ያስተምራል። ማረጋገጫ የሚያሳየው ፕሮግራሙ ከተሰጠው ደንብ ጋር መስማማቱን ነው። ደንቡ አንድ ሴንሰር ሊሳሳት እንደሚችል ካላሰበ፣ ደንቡን በታማኝነት የሚፈጽም ፕሮግራምም አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ምስክርነቱ በእውነታው ዓለም ላይ ያለውን ግምት ጭምር መግለጥ አለበት፦ ይህ መረጃ ከየት ይመጣል? ቢሳሳት ምን ይሆናል? የመጨረሻ ውሳኔውስ በማን እጅ ነው? ቱሪንግ ጸሐፊው ግምቱን በግልጽ እንዲያሰፍር መጠየቁ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ያልተጻፈ ግምት መርማሪ አያገኘውም። ከአደጋው በኋላ ሥርዓቱ የሁለት ሴንሰሮችን መረጃ እንዲያነጻጽር ተደርጎ ተሻሽሏል።

ለተገልጋዮች ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ነዋሪዎች ፋይዳ የተባለውን ባለ 12 አኃዝ ልዩ ቁጥር እያገኙ ነው። ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አገልግሎታቸውን ከዚህ ቁጥር ጋር እያስተሳሰሩ ነው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ቁጥር እንዳይኖረው፣ አንድ ቁጥርም ለሁለት ሰዎች እንዳይሰጥ ማድረግ በፕሮግራሙ ውስጥ ሁልጊዜ እውነት ሆኖ መኖር ያለበት ምስክርነት ነው። የክፍያ ሥርዓትም እንዲሁ ነው፤ ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይገባ መንገድ ላይ መቅረት የለበትም፣ ሁለት ጊዜም መቆረጥ የለበትም።

ማንኛውም ተገልጋይ ፕሮግራም ማንበብ አይጠበቅበትም፤ የተሰጠውን ውጤት ግን መመርመር ይችላል። የክፍያ ደረሰኝንና የማመልከቻ ቁጥርን ማስቀመጥ፣ በመታወቂያና በማስረጃ ላይ የሰፈረውን ስም፣ የልደት ቀንና አድራሻ ከመረከብ በፊት ማመሳከር፣ የተሳሳተ ነገር ሲገኝም ወዲያውኑ ማመልከት ጠቃሚ ነው። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ዜጎች ስለ እነርሱ የተያዘ የተሳሳተ የግል መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት አላቸው። ኮምፒውተሩ እንዲህ ብሏል የሚል ምላሽ ለአቤቱታ በቂ መልስ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ የሚለው ሰው ጽፎ የሰጠውን ስለሆነ ሊመረመርና ሊታረም ይችላል።

ሶፍትዌር ለሚያለሙና ለሚገዙ ተቋማትም ከቱሪንግ 3 ገጾች የሚወሰድ ግልጽ መመሪያ አለ። ሥራውን ሲረከቡ ፕሮግራሙ እየሠራ መታየቱ ብቻ አይበቃም፤ በየደረጃው እውነት ሆኖ መኖር ያለበት ነገር በጽሑፍ ተገልጦ፣ ሥራውን ባልሠራ ሌላ ባለሙያ ተመርምሮ መቅረብ ይኖርበታል። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ተቋማት ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠኑ ወጣቶች ከሒሳብና ከአመክንዮ ትምህርት የሚያገኙት ዋና ጥቅም ይኸው ነው። ዕድረተኛው ገንዘብ ያዡን የተሻገረውን ቁጥር አሳየን ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የሕዝብን ስምና ገንዘብ የሚይዝ ፕሮግራም ጸሐፊም የሥራውን ምስክርነት እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው።